አሥራ አንድ ብሎን በኮክ ጣሳ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 25፣ 1967

ዛሬም በሸለቆው ምግብ ቤት ሳህን ሳነሳ ዋልኩ። ቱሪስቱ ሳስቷል፤ የቀሩት ጡረተኞችና የእኛ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰዎች ማለት ካምፕ አራት በድንኳን የሚያድሩት ገደል ወጪዎች። አንድ ቤተሰብ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ሦስቱ ሳህኑ ላይ ያንዣብባሉ። በነጻ ሙቅ ውሃ ላይ የጠረጴዛውን የቲማቲም ድልህ ይጨምቁና ሾርባ ነው ይላሉ። ዛሬ አንዱ የሕፃን ጥርስ ያረፈበት ቋሊማ አንስቶ ዋጠ። አስጠላኝ። ባለፈው ዓመት እኔም እንዲሁ እበላ ነበር። እኔ ግን ቢያንስ የተነከሰውን ጎን ቆርጬ እጥል ነበር።

ከሁሉም ቦይድ ይሻላል። ኦሪገን ነው ያደገው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሳህን ከመንካቱ በፊት ያስፈቅደኛል።

«እመቤት ዊላ፣ የዳቦውን ዳር ዳር አደራ። መሃሉን ለባለጸጎች ተዪላቸው።»

«እጅህን ታጥበሃል?»

«በፋሲካ።»

ሳቄን ለመደበቅ ጨርቄን አራገፍኩ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 28

ገደል አብሬው የምወጣው ላይል ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሽማግሌው ገደል ወጪ፣ ስለ ኦርቪል ቴግ አወራ። አለቃዬ አፈጠጠችብኝ። የማያውቀው ሰው ያስተረፈውን የተጠበሰ ዳቦ እያኘከ ስለ ድንጋይ ንጽሕና ሰበከ፣ ቅቤው ከንፈሩ ላይ። ይህን ሰው ነው የምወደው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 1

ዛሬ እረፍቴ ነው፣ ረጋ ብዬ ልጻፍ።

የእኛ ሰዎች ሕግ አንድ ነው። ድንጋዩ ስንጥቅ ካለው ችንካር ትመታበታለህ፣ ገመድህን ታያይዝበታለህ፣ ከኋላህ የሚመጣው ነቅሎ ይከተልሃል። ስንጥቅ ከሌለው በጥፍርህ ታልፋለህ፤ ካልቻልክ አንገትህን ደፍተህ ትመለሳለህ። ድንጋይ ሰርስሮ ብሎን መቅበር ነውር ነው። የግድ ከሆነ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ችንካራችንም ቢሆን ስንጥቁን በየዓመቱ እያሰፋው ነው፤ ይህን ግን ማንም አያነሳም።

ኦርቪል በፀደይ ግራጫው ትከሻ በሚባለው ገደል ላይ አሥራ አንድ ብሎን ቀበረ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ስቶክተን ከተማ ቧንቧ ይቀጥላል። በወር አንድ ቅዳሜ ሚስቱ የጋገረችውን የፖም ኬክ ይዞ ይመጣል። ብቻውን ያወራል። ብሎኖቹን ራሱ ይሠራቸዋል፤ ገመድ የሚያያዝበትን የብረት ጆሮ ከቧንቧ ቁራጭ ያወጣና ትንሽ ኮከብ ይወቅርበታል።

«ቧንቧ ሠሪ ገደሉን መታጠቢያ ቤት አደረገው» ይላል ላይል። «ሥራው ደግሞ ሥራ ቢሆን። በጣት ብትነኪው ይወልቃል።»

«ነክተኸዋል?»

«ማየት ይበቃል።»

ኬኩ ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚቆርሰው ላይል ነው።

ያሰበው ይሄ ነው። ወጥተን ብሎኖቹን አንድ ሳናስቀር እንነቅላለን። እሱ ያለ እነሱ እየመራ ያልፋል፣ እኔ ከኋላ እነቅላለሁ። የሁለተኛ ሰው ሥራ መንቀል ነው፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነኝ። በዚህ ሸለቆ ትልቅ ገደል የወጣች ሴት በጣት ትቆጠራለች፤ ከላይል ሌላ ይዞኝ የሚወጣ ወንድ የለም። እሺ አልኩ። የሚጠይቅ ከመጣ ግን ያሰበው ላይል ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 7

እስከ አናቱ ወጥተን በጀርባ በኩል በእግር ወረድን። አራት ቀን። ምላሴ አብጧል፣ እጄ ብዕር አልይዝ ብሏል፤ ካልጻፍኩ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

እስከ ዳቦ መደርደሪያው ድረስ ስንጥቅ ስላለ ብሎን የለም። ዳቦ መደርደሪያ የምንለው ሁለት ሰው ተጣቦ የሚተኛበት ጠርዝ ነው። ከእሱ በላይ ዘጠኝ ብሎኖች አሉ። የቀሩት ሁለቱ ከመደርደሪያው አንድ የገመድ ርዝመት ዝቅ ብሎ፣ ምንም በሌለበት ልሙጥ ላይ ናቸው። እነዚያ ለመውጫ አይደሉም። የወጣንበት ስንጥቅ ወደ ጎን እየተጣመመ ስለሚሄድ በእሱ መመለስ አይቻልም፤ ከመደርደሪያው መመለስ የፈለገ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ሁለቱ ብሎኖች ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ መሬት።

ላይል በገመድ አወረደኝ። ስደርስባቸው ወደ ላይ ጮህኩ።

«እነዚህ እኮ የመውረጃ ናቸው።»

«ንቀያቸው።»

«ሰው ቢመለስስ?»

«መውረጃ የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያውኑ መውጣት አልነበረበትም።»

መታሁ። በጣት ይወልቃል የተባለው ብሎን አርባ ጊዜ ወዲህና ወዲያ ተመትቶ ነው የተነቀለው። ሁለተኛው ሃምሳ ሁለት። ሌላ ማሰብ ስላልፈለግሁ ስቆጥር ነበር። ከዚያ በገመዱ እየተሳብኩ ወደ መደርደሪያው ተመለስኩ።

ዘጠኙም አልቀለሉኝም። ላይል አወጣጡ ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ሁለት ቦታ ላይ ግን የኦርቪልን ብሎን ይዞ አርፏል። «አላየሽም» አለኝ። አላየሁም።

ብሎኖቹን ከነጆሯቸው አልጣልኳቸውም። በባዶ የኮክ ፍሬ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ካልሲዎቼ ሥር ሸሸግኳቸው። የመውረጃዎቹን ሁለቱን በቀይ ክር አስሬ ለየኋቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 8

የእጄ አንጓ አብጦ ትሪ መያዝ አቃተኝ። ለአለቃዬ ወደቅሁ አልኳት።

የካምፑ ደንብ ግልጽ ነው፤ የሰው ብሎን የነቀለ መግቢያው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ስሙንም ያኖራል። ላይል እንዳትጽፊ አለኝ። ኦርቪል የሚመጣው በ21 ነው። ሰው ተሰብስቦ ኬኩን እየበላ ሳለ ሊናገር ነው ያሰበው። የሽማግሌውን ፊት ማየት ይፈልጋል።

«እስከዚያ አፍሽን ያዢ። ዝም አይነቅዝም።»

ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በዚህ ብርድ፣ ማን ይወጣዋል? ማንም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11

ቦይድ መጣ። ከክላርክ ጋር፣ ከዚያ ዝምተኛ ጓደኛው ጋር፣ ነገ ግራጫው ትከሻን ሊወጡ ነው። ኦርቪል በእጁ የሣለለትን ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፣ ሰው ያፈሰሰው ማር ላይ።

«ሽማግሌው እንዴት እንደሚሥል እዪልኝ። ብሎኖቹ ኮከብ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የመውረጃዎቹ። ሰማዩ ከከፋ ከመደርደሪያው ሹልክ ማለት ነው።»

«ይከፋል እንዴ?»

«ሬዲዮው እስከ ሰኞ ጥሩ ነው ብሏል። ምን ሆነሻል? ፊትሽ የኛን ሾርባ መስሏል።»

«ደክሞኝ ነው። ወፍራም ሹራብ ያዝ።»

«እሺ እማማ።»

ጣቱ ኮከቦቹ ላይ ነበር። የዳቦ ዳር ዳር በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ አንድ ከረጢት ሙሉ። ከዚህ በላይ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ለላይል ነገርኩት። «እነግራቸዋለሁ» ያለኝ ይመስለኛል። ወይም «ተያቸው» ብሎኝ ይሆናል። ምግብ ቤቱ ጫጫታ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ሄደዋል። ድንኳናቸው ባዶ። ላይል እንደ ሕፃን ተኝቷል። ነግሯቸዋል ማለት ነው፤ ባይነግራቸው ሰው እንዲህ አይተኛም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

ዝናብ። ከቀትር በኋላ በረዶ። ገደሉ አይታይም።

«ነግረሃቸዋል አይደል?» አልኩት ላይልን።

«አንቺ አልነገርሻቸውም?»

አንድ ትሪ ሙሉ ሳህን ሰበርኩ። አለቃዬ ከደመወዝሽ ይቆረጣል አለች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 15

የፓርኩ ጠባቂዎች ፈቃደኛ ሲጠይቁ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ላይል ነው። በጀርባ በኩል ወደ ገደሉ አናት ወጥተው በገመድ ሊወርዱ ነው። ሰው ሁሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ ሥራ ገባሁ። ጡረተኞቹ በመስኮት ወደ በረዶው እያዩ ጣፋጭ ይበላሉ። አንዲቱ ማንኪያዋን እየላሰች «ልጆቹ የት ጋ ናቸው፣ ከዚህ ይታያሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በማንኪያው ዓይኗን ባወጣሁላት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ክላርክ ተርፏል። ከመደርደሪያው ላይ አወጡት፣ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ቦይድ ሞቷል።

ቀድሞ የወረደው ቦይድ ነው። ገመዱ እስኪያልቅ ወረደ። ውሃው ከላይ ያለማቋረጥ ይወርድበት ነበር። ክላርክ ጩኸቱን ሰምቷል፣ ቃሉን ግን ነፋሱ ወሰደው። በደነዘዘ እጅ፣ በረዶ በያዘ ገመድ ወደ ላይ መመለስ አይቻልም። እዚያው እንደተንጠለጠለ ነው ያለቀው።

ወፍራም ሹራብ ለብሶ ነበር አሉ።

አስከሬኑ ጋ የወረደው ላይል ነው። ለጠባቂዎቹ ያለውን በጆሮዬ ሰማሁ፤ «ቀዳዳዎቹ ባዶ ናቸው። የኦርቪል ብሎኖች ወልቀዋል።» ቀጥሎ የሚበላ ነገር እንዳለ ጠየቀ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 18

ሳህን ሳነሳ የሰማሁት፦

«ልጁን የገደለው ኦርቪል ነው፣ ሌላ ወሬ የለም።»

«እኔ ብሆን ሁለተኛ እዚህ እግሬ አይረግጥም።»

«እሱ የቀጠለው ቧንቧ ያለበት ቤት ሁሉ ያፈስሳል በለኛ።»

ሳቁ። የመጨረሻውን የተናገረው የቦይድን ጫማ አድርጓል። ልክ ሆነኝ ብሎ ከድንኳኑ ያወጣው ትናንት ነው። ላይል መሃላቸው ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ «ተናግሬ ነበር» ይላል። ደጋግሞ፣ በሐዘን። የሰው ትርፍራፊ የሚልሱ አፎች ሁሉ አንድ ሽታ አላቸው።

እኔ ምን ልበል? ብናገር ቦይድ አይነሳ። ደግሞ የሚመልሰው የተጠየቀ ሰው ነው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 21

ሚስተር ቴግ መጡ። ኬክ አልያዙም።

ካምፑ በሙሉ ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። ይከራከራሉ ብለው ነበር የጠበቁት፣ አንዳንዱ ለዚያ ተዘጋጅቶ እጅጌውን ሰብስቧል። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«የሰረሰርኩት እኔ ነኝ። ወልቋል ካላችሁ ወልቋል። የት ላይ እንደ ተሳሳትኩ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር? ድንጋዩ ፈርሶ ነበር?»

ሁሉም ወደ ላይል ዞረ።

«ባዶ ነው ያገኘሁት» አለ ላይል። «ሌላ ምን ልበልህ፣ ኦርቪል።»

«እሺ። ልጁን ስላወረድከው አመሰግንሃለሁ።»

እጃቸውን ዘረጉለት። ላይል ጨበጣቸው። ከቦይድ ሞት ወዲህ ካየሁት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ጥያቸው ወደ መጸዳጃው ጀርባ ሄድኩ። ስመለስ ክላርክ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ውሃ ሰጠኝ። «ቀላል አይደለም» አለኝ። ለእኔ አዘነልኝ፣ እሱ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 24

ከላይል ጋር ተጣላን።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«ምን ብለሽ? ድንጋይ አጸዳን ብለሽ?»

«ቦይድስ?»

«ቦይድ ወረቀት አምኖ ወጣ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።» ጫማውን ሲያስር ቆየና ቀና አለ። «ደግሞ የነቀልሽው አንቺ ነሽ። እኔ መዶሻ አልያዝኩም። ደንበኛ አድርገሽ አስቢበት።»

አሰብኩበት። የሚያስጠላኝ እሱ ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

ወደ ኋላ ገልጬ የጻፍኩትን አነበብኩ። ምግብ ቤቱ ጫጫታ ነበር እላለሁ። ጫጫታ አልነበረም፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው፣ ማንም የለም። ላይል ያለው «ተያቸው» ነው። ቦይድ ጣቱን ኮከቦቹ ላይ ሲያሳርፍ ሁሉንም አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ላይል ይነግራቸዋል ብዬ አይደለም። ብናገር ከእንግዲህ ገደል ላይ ይዞኝ የሚወጣ አጣለሁ ብዬ ነው። ይኸው ነው። ሰውየውን በዳቦ ዳር ሸኘሁት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቅዟል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28

ሰዓቱ ምሳ ነበር፤ የእኛ ሰዎች በየሳህኑ ላይ ተደፍተዋል። ሚስተር ቴግ መስኮቱ ጥግ ብቻቸውን ቡና ይዘው ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው። ልጠርግላቸው ሄድኩ።

«ልሰናበት ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ። «ቦይድ ስለ አንቺ ያወራኝ ነበር። የዳቦ ዳር ታስቀምጪለት ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«ደግ አድርገሻል።»

ሥራ እንዴት ነው አልኳቸው።

«ሥራስ ትቻለሁ። የቀጠልኩትን የጋዝ ቧንቧ እየዞርኩ እየፈተሽኩ ነው፤ ትምህርት ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ የሰው ቤቱን። በር አንኳኩቼ እጄን አላምነውም እላቸዋለሁ። ሚስቴ አበድክ ትለኛለች።» ጣቶቻቸውን አዩ። «ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት እጅ ነው እኮ። ምን እንዳጠፋ ቢነግረኝ።»

ጨርቁን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ድንኳኔ ሩቅ አይደለም። ሽርጤን እንደታጠቅሁ ተመልሼ ጣሳውን ፊታቸው አስቀመጥኩት።

ከፈቱት። አንዱን አወጡና ኮከቡን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ አገላብጠው የመዶሻዬን ጠባሳ አዩ።

«የመውረጃዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

በቀይ ክር የታሰሩትን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ማን ነቀላቸው?»

«እኔ። ላይል ከላይ ገመዱን ይዞልኝ።»

«ስንት ጊዜ መታሽው?»

«ይሄን አርባ። ይሄን ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት» አሉ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ማየት ከበደኝ፣ ደስታ ነበረበት። «ይሄ ብረት ይይዘው ነበር። ተቀምጦ ቁርሱን ይበላበት ነበር።»

ከዚያ አለቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሁለቱን ብሎኖች በሁለት እጃቸው ይዘው። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ይቅርታ ልል አልችልም» አልኳቸው።

«ለእኔ አትበዪ። ክላርክ ያውና። ለእሱ ንገሪው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገሽ።»

ላይል የማያውቀው ሰው ያስተረፈውን እንቁላል ከፊቱ አድርጎ መሃል ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጣሳውን አይቷል። ሹካውን እንደያዘ፣ እንዳታደርጊው በሚል፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

አንጓዬ እስካሁን አልዳነም። በግራ እጄ ወንበር ስቤ ወጣሁበት። ከላይል አልጀመርኩም፣ ከደንቡም፣ ከካርታውም። ክላርክ ቀና ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅሁ።

«ሃምሳ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት» አልኩ።